ሆቴልና ሆስፒታል ምን አገናኛቸው? ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ዝምድና ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት አመጣጥ የሚጠይቁ ስለሆኑ የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ወደ መልሶቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። በአማርኛ ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት የሚሉት ቃላት የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን፤ ሥር የሆኑት ተነባቢዎች ከቃሉ ፊት ላይ ይነበባሉና። እንግሊዝኛ ግን ከላቲን፣ ከፈረንሳይኛና ከሌሎች ቋንቋዎች በተለያየ ዘመን እጅግ ብዙ ቃል የወሰደ በመሆኑ የአንድ ቤተሰብ ቃላት በተለያየ በር ገብተው እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። ስለዚህ የሁለት ቃላትን ዝምድና ለማወቅ መልካቸውን ማየት አይበቃም፤ መቼና በየት በኩል እንደገቡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። «ሆስፒታል» እና «ሆቴል» የሚሉት ቃላት ሲጠሩ ይቀራረባሉ፤ ነገር ግን ወደ አንደኛው የምንሄደው ሲያመን፣ ወደ ሌላው ደኅና ስንሆን ነው። ዝምድና አላቸው ወይስ መመሳሰላቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነው?

መልስ፦ ዝምድናቸው የቅርብ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል የተወለዱ ናቸው። በላቲን «ሆስፔስ» ማለት እንግዳ ማለት ነው፤ እንግዳውን የሚቀበለው ሰውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ተቀባዩንና ተስተናጋጁን በአንድ ስም መጥራት ግር ሊል ይችላል፤ ይሁን እንጂ በሮማውያን ዘንድ መስተንግዶ ሁለቱን ወገን እኩል የሚያስር ግዴታ ነበር፤ ዛሬ የተቀበለው ሰው ነገ በተራው እንግዳ ሆኖ ሊመጣ ይችላልና። ከዚህ ቃል «ሆስፒታሌ» የሚለው ተገኘ፤ ትርጉሙም የእንግዳ ማረፊያ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዚህ ስም የሚጠራው ቤት መንገደኛው፣ ወደ ቅዱሳት ቦታዎች የሚጓዘው ተሳላሚ፣ ድኻውና ጧሪ የሌለው አረጋዊ የሚጠለሉበት ነበር። «ሆስፒታለር» የተባሉት ወታደር መነኮሳት ስማቸውን ያገኙት ኢየሩሳሌም ውስጥ ተሳላሚዎችን ይቀበል ከነበረ እንዲህ ካለ ቤት ነው። ከተጠላዮቹ መካከል በመንገድ ድካም የወደቀና የታመመ አይታጣም ነበርና ቤቱ እያደር የሕሙማን ቤት፣ ስሙም የሕክምና ስም ሆነ።

ያው የላቲን ቃል በፈረንሳውያን አፍ ሲመላለስ አጠረና «ሆስቴል» ሆነ። ቆይቶም «ኤስ» የምትለው ድምፅ ወደቀች፤ ዛሬ ፈረንሳውያን ቃሉን ሲጽፉ በ«ኦ» ፊደል ራስ ላይ የሚያስቀምጡት ጣሪያ መሰል ምልክት የዚያች የወደቀች «ኤስ» ማስታወሻ ነው። እንግሊዝኛ «ሆስፒታል»ንና «ሆስቴል»ን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወሰደ፤ «ሆቴል»ን ደግሞ ዛሬ በምናውቀው ትርጉሙ የተቀበለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ገባ ማለት ነው። የሁለቱን ስሞች አንድነት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ፓሪስ ውስጥ «ኦቴል ዲዩ» የሚባለውን ዕድሜ ጠገብ ተቋም ያስብ፤ ስሙ ቃል በቃል ሲፈታ «የእግዚአብሔር ሆቴል» ይሆናል፣ ቤቱ ግን ሆስፒታል ነው።

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን «ሆስታይል» ማለትም ጠበኛ የሚለው ቃል ነው። መነሻው «ሆስቲስ» የሚል የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጠላት ነው። ይሁንና ሮማዊው ሲሴሮ ራሱ እንደ ጻፈው በአባቶቹ ዘመን «ሆስቲስ» ይባል የነበረው የሌላ አገር ሰው፣ ባዕዱ ነበር። ባዕድ ሲመጣ ወይ ተቀብለው ያስተናግዱታል ወይ ይጠረጥሩታል፤ «ሆስፔስ» በአንደኛው መንገድ፣ «ሆስቲስ» በሌላው መንገድ ሄዱ። እንግሊዝኛ በራሱ የዘር መስመር የወረሰው «ገስት» ማለትም እንግዳ የሚለው ቃልም የእነዚሁ ዘመድ ነው። የላቲንም የእንግሊዝኛም ምንጭ በሆነው በጥንቱ የጋራ ቋንቋ የነበረ አንድ ድምፅ በላቲን ወደ «ህ»፣ እንግሊዝኛን በሚያካትተው በጀርመናዊው ቤተሰብ ወደ «ግ» ተለወጠ። «ሆርቲካልቸር» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ሆርት» እና «ጋርደን» ሁለቱም ስለ አትክልት ስፍራ የሚናገሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኞች አንዳንዴ «ጋራንቲ»፣ አንዳንዴ «ዋራንቲ» ይላሉ። የተለያዩ ቃላት ናቸው?

መልስ፦ በአመጣጣቸው አንድ ናቸው። ፍራንኮች የተባሉት የጀርመን ነገድ ቃላት ወደ ፈረንሳይኛ ሲገቡ በመጀመሪያቸው የነበረው «ው» በፓሪስ አካባቢ «ጕ»፣ በኋላም ተራ «ግ» ሆነ፤ በሰሜን፣ በኖርማንዲ ግን «ው» እንዳለ ቆየ። በ1066 እንግሊዝን የወረሩት ኖርማኖች ስለሆኑ እንግሊዝኛ ቃላቱን መጀመሪያ በ«ው» ተቀበላቸው፤ ከዚያ በኋላ የፓሪስ ፈረንሳይኛ ሲከበር ያንኑ ቃል በ«ግ» ደግሞ ወሰደው። የወራሪው ንጉሥ ስም ራሱ ምስክር ነው፤ እንግሊዞች ዊልያም ይሉታል፣ ፈረንሳውያን ጊዮም። ጠባቂ የሚል ትርጉም ያላቸው «ዋርደን» እና «ጋርዲያን» በዚሁ መንገድ የመጡ መንታዎች ናቸው። «ዋር» ማለትም ጦርነትም በኖርማኖች በኩል የመጣ ሲሆን፣ በስፓኝኛ «ጌራ» የሚሆነው ያው ቃል «ጌሪላ»ን ወለደ፤ ትንሽ ጦርነት ማለት ነው።

በዛሬ አጠቃቀም ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። «ዋራንቲ» አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቢበላሽ ለመጠገን ወይም ለመለወጥ የሚሰጥ የጽሑፍ ግዴታ ነው፤ «ጋራንቲ» ሰፊ ነው፣ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆንንም ይጨምራል። ለደንበኛዎ የሚጠቅመው ከወረቀቱ ርዕስ ይልቅ በውስጡ የተዘረዘረው ቃል ስለሆነ እርሱን አንብበው ቢያስረዷቸው መልካም ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ላም «ካው» ሆና ሥጋዋ «ቢፍ»፣ በግ «ሺፕ» ሆኖ ሥጋው «መተን» የተባለበትን ምክንያት ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል። ድል የተነሡት እንግሊዞች አርቢዎች፣ ገዢዎቹ ኖርማኖች በላተኞች ስለነበሩ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹን ግን ለተማሪዎችዎ ቢያስተካክሉላቸው እወዳለሁ። እውነት የሆነው ይህ ነው፦ «ካው»፣ «ሺፕ»፣ «ካፍ» (ጥጃ) የጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ «ቢፍ»፣ «መተን»፣ «ፖርክ» (የአሳማ ሥጋ)፣ «ቪል» (የጥጃ ሥጋ) ደግሞ ከ1066 ድል በኋላ ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። እርስዎ የሚሰጡትን ማብራሪያ በዓለም ያሰራጨው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት በ1819 ባሳተመው አይቫንሆ በተባለ ልብ ወለዱ ውስጥ አንድ የአሳማ እረኛና አንድ አጫዋች የሚለዋወጡት ንግግር ነው። ንግግሩ ልብን የሚነካ ነው፤ እንስሳው በእረኛው እጅ ሳለ በእንግሊዝ ስም ተጠርቶ ከጌታው ማዕድ ሲቀርብ የፈረንሳይ ስም ይይዛልና።

ታሪኩ ግን ክፍፍሉ በአንድ ጊዜ እንደተከናወነ ያስመስላል። እንዲህ አልነበረም። የፈረንሳይኛው ቃላት ከገቡ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በሕይወት ላለው እንስሳም ያገለግሉ ነበር። ሼክስፒር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጻፈው «የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ አራጣ አበዳሪው ሻይሎክ የሰውን ሥጋ ከእንስሳት ሥጋ ጋር ሲያወዳድር የ«መተን»፣ የ«ቢፍ» እና የፍየል ሥጋ እያለ ይቆጥራል፤ እዚያ ቦታ «መተን» በጉ ራሱ፣ «ቢፍ» በሬው ራሱ ነው። ከድሉ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። በአንጻሩ ዶሮ፣ ዓሣና የበግ ግልገል በማዕድም ላይ የእንግሊዝ ስማቸውን አልለቀቁም። የገዢና የተገዢ ልዩነት ቃላቱን ወደ አገሩ አስገባቸው፤ አንዱን ለበረት ሌላውን ለገበታ የለየው ግን የኋለኛው ዘመን ልማድ ነው።

ተማሪዎችዎ ደስ የሚላቸው ሌላ ነገር ልጨምር። «ካው» እና «ቢፍ» እጅግ የራቁ ቢመስሉም በጥንት አንድ ቃል ነበሩ። ዛሬ በማይነገረው የጋራ ቋንቋ ቃሉ የሚጀምረው አማርኛ «ጐ» ብሎ በሚጽፈው፣ ከንፈርን አሹሎ በሚነገር ድምፅ ነበር። ይህን ድምፅ ጀርመናውያን ወደ «ክ» ሲያጠብቁት ላቲንና ግሪክኛ ወደ «ብ» ወሰዱት። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ «ጐ» ሲል ጉሮሮውና ከንፈሩ አብረው እንደሚሠሩ በራሱ አፍ ሊሞክረው ይችላል። አንዱ ሕዝብ የጉሮሮውን ድርሻ ያዘ፣ ሌላው የከንፈሩን። ከዚያው የላቲን ወገን «ቢዩግል» የተባለው የወታደር መለከትም ይወጣል፤ ስሙ መጀመሪያ የወይፈን፣ ከዚያም የቀንዱ ነበር።

«ዲር» ማለትም አጋዘን ለብቻው መታየት አለበት። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የማንኛውም አውሬ ስም ነበር፤ ጀርመንኛ ዛሬም እንስሳን ሁሉ «ቲር» ይላል። የሥጋው ስም «ቬኒሰን» ደግሞ ከላቲኑ የአደን ስም የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ፊሜል» የሚለው ቃል «ሜል» ላይ «ፊ» ተጨምሮ የተሠራ ነው? «ዉመን» ከ«ማን»፣ «አይላንድ» ከ«አይል» የመጡ ናቸው?

መልስ፦ ከሦስቱ እውነተኛ ዝምድና ያለው አንዱ ብቻ ነው። «ፊሜል» ከላቲኑ «ፌሜላ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ወጣት ሴት ነው፤ «ሜል» ግን ከ«ማስኩሉስ» የተገኘ የሌላ ሥር ቃል ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ በ14ኛው ክፍለ ዘመን «ፌሜል» የጓደኛውን መልክ ያዘና «ፊሜል» ሆነ። «አይላንድ» ማለትም ደሴትም እንዲሁ ነው፤ ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሲጻፍ «ኤስ» የሚባል ፊደል አልነበረበትም። ከላቲኑ «ኢንሱላ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «አይል» ዘመዱ የመሰላቸው ጸሐፊዎች ናቸው «ኤስ»ን የጨመሩበት፤ ፊደሉ እስከ ዛሬ ተጽፎ የማይነበበውም ለዚህ ነው።

«ዉመን» ግን በእርግጥ «ማን» አለበት። የጥንቱ ቅርጽ «ዊፍማን» ነበር። «ዊፍ» ሴት ማለት ሲሆን፣ «ማን» በዚያ ዘመን ወንድን ብቻ ሳይሆን ሰውን ሁሉ ይጠራ ነበርና «ሴት ሰው» ማለት ነው። «ዊፍ» ኋላ ጠብቦ ሚስት ሆነ፤ የቀድሞ ትርጉሙ «ሚድዋይፍ» ውስጥ ተቀምጧል፤ «ሚድ» በጥንቱ አነጋገር «ጋር» ማለት ስለነበር አዋላጇ ከምትወልደው ሴት ጋር ያለች ናት። ሰብአዊ የሚል ትርጉም ያለው «ሂዩማን» ግን ከ«ማን» ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም። የላቲን ቃል ነው፤ ዘመዱም አፈር የሚል ትርጉም ያለው «ሁሙስ» ነው። በዕብራይስጥ አዳም የሚለው ስም ምድር ከሚለው ቃል ጋር እንደሚያያዝ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ «ሳላሪ» የተባለው የሮማ ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ስለነበር ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ «ሳላሪ» ከላቲኑ «ሳላሪዩም»፣ እርሱም ጨው ከሚለው «ሳል» መምጣቱ እውነት ነው። ወታደሮቹ በጨው ይከፈላቸው ነበር የሚለውን ግን ከሮማውያን ጽሑፎች የሚደግፍ ማስረጃ የለም። እኔም በተማሪነቴ የተነገረኝን ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳልመረምር ለሌሎች ስናገር ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ማስተካከል ግዴታዬ ነው። ከጨው መምጣታቸው የማያጠራጥረው «ሶስ»፣ «ሳላድ» እና «ሶሴጅ» ናቸው፤ ሦስቱም በመነሻቸው ጨው የገባበት ማለት ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። «ዲስክ»፣ «ዴስክ» እና «ዲሽ» ወንድማማቾች ናቸው የሚል ሰው ገጠመኝ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነውም። የሁሉም አባት ግሪኮች በውድድር የሚወረውሩት ክብ ጠፍጣፋ ነገር፣ «ዲስኮስ» ነው። ላቲን ወሰደውና በቅርጹ ምክንያት ለሳህንም ሰጠው። እንግሊዞች ገና በጥንቱ ዘመን ተቀብለውት በአፋቸው «ዲሽ» ሆነ፤ ጀርመኖች ደግሞ ከሳህኑ ወደ ተቀመጠበት አሸጋግረው ጠረጴዛን «ቲሽ» አሉ። በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ዴስካ» የተባለው የጠረጴዛ ስም በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንግሊዝኛ ደርሶ መጻፊያው «ዴስክ» ሆነ። «ዲስክ» እና ስፖርቱ «ዲስከስ» ግን የተማሩ ሰዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከመጻሕፍት ያመጧቸው ስለሆኑ የጥንቱን መልክ አልለቀቁም። ዘፈን የሚቀረጽበት ሸክላም «ዲስክ» ስለተባለ ፈረንሳውያን የሸክላ ማኖሪያውን «ዲስኮቴክ» አሉት፤ ዲስኮ ከዚያ አጥሮ የወጣ ነው። እርስዎ በሥራ ቦታዎ ዴስክ ላይ ሃርድ ዲስክ አስቀምጠው ሲፈቱ ሁለት ወንድማማቾች ከፊትዎ አሉ፤ ጣሪያ ላይ ያለው የሳተላይት ዲሽ ሦስተኛው ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የባንኩን «ቼክ» አንዳንዱ ሰነድ በ«ሲ» እና በ«ኬ»፣ አንዳንዱ በ«ኪው» ፊደል ይጽፈዋል። የትኛው ትክክል ነው? «ቼክ ማድረግ» ከምንለው ጋርስ አንድ ነው? ቼዝ የተባለው ጨዋታስ?

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መነሻቸውም ንጉሥ የሚል ትርጉም ያለው የፋርስኛው «ሻህ» ነው። ጨዋታው ከፋርስ ወደ ዐረቦች፣ ከእነርሱ ወደ አውሮፓ ሲሻገር የንጉሡ ስም አብሮ ተሻገረና በጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ኤሼክ» ሆነ። የነጠላው ቅርጽ እንግሊዝኛ ውስጥ «ቼክ»፣ የብዙው ቅርጽ «ቼዝ» ሆነው ቀሩ። የጨዋታው ማብቂያ «ቼክሜት» «ሻህ ማት» ነው። ዐረቦች «ማት» ሲባል በቋንቋቸው «ሞተ» ብለው ተረዱት፤ አማርኛ ተናጋሪም እንዲሁ ይሰማዋል፣ ሁለቱ ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸውና። በፋርስኛው ግን ንጉሡ መውጫ አጥቶ ግራ ተጋባ ማለት ነው፤ ከጨዋታው ጋር የሚስማማውም ይህ ይመስለኛል፣ ንጉሡ በገበታው ላይ አይገደልምና።

ተጫዋቹ «ቼክ» ሲል ተጋጣሚው ያሰበውን ትቶ ንጉሡን ለማዳን ይገደዳል። ስለዚህ ቃሉ ድንገት መቆምን፣ ቀጥሎ መግታትን፣ ከዚያም ስሕተት እንዳያልፍ መቆጣጠርንና ማመሳከርን ያዘ። «ቼክ አድርገው» የምንለው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ገንዘብ የገባበት ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የግብር ሒሳብ የሚመረመርበት መሥሪያ ቤት «ኤክስቼከር» ይባል ነበር፤ የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ማዕረግ እስከ ዛሬ ይህን ስም ይዟል። በ1170ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ ግምጃ ቤት ሹም ሪቻርድ ፊትዝኒል የጻፈው መግለጫ ጠረጴዛውን ከነመጠኑ ያሳየናል። ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ወርዱ 5 ጫማ ያህል ነበር፤ ዙሪያውን የአራት ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ የተሠራለት የሚደረደረው ነገር እንዳይወድቅ ነው። በላዩ የሚነጠፈው ጥቁር ጨርቅ በመስመር የተከፋፈለ ነበር። በአንደኛው ዓምድ ላይ የተቀመጠች መቁጠሪያ ፔኒ ስትሆን በሌላው ሺሊንግ፣ በሌላው ፓውንድ ትሆናለች፤ ስለዚህ በወረቀት ማስላት የማይችል ሰው እንኳ ድምሩን በዓይኑ ይከተላል። ገበታው የቼዝን ሰሌዳ ስለሚመስል ስሙን ወሰደ። ሪቻርድ ሌላም ምክንያት ይጨምራል፤ በቼዝ ሁለት ወገን እንደሚዋጋ ሁሉ በዚህም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ የግምጃ ቤቱ ሹምና የአውራጃው ገንዘብ ሰብሳቢ ሸሪፍ ይፋለማሉ ይላል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ቼክ» የተባለው የክፍያ ትእዛዙ ራሱ ሳይሆን ማጭበርበርን ለመቆጣጠር በእጅ የሚቀረው ጉርዱ ነበር። በኋላ ስሙ ወደ ተቆረጠው ወረቀት ተላለፈ። እንግሊዞች በ«ኪው» መጻፍ የጀመሩት «ኤክስቼከር» የሚለውን በማሰብ ነው፤ አሜሪካውያን የመጀመሪያውን አጻጻፍ አልተዉም።

አማርኛችን ከዚሁ ጨዋታ የተረፈ ቃል እንዳለው ብዙ ሰው ልብ አይልም። በሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ማለት ባለ አራት ክፍል ማለት ሲሆን የሚናገረው ስለ እግረኛ፣ ስለ ፈረሰኛ፣ ስለ ዝሆንና ስለ ሠረገላ ጦር ነው። በፋርስኛ «ቻትራንግ»፣ በዐረብኛ «ሻጥራንጅ» ሆነ፤ በእኛ ዘንድ «ሰንጠረዥ»። መጀመሪያ የጨዋታው ስም ነበር፤ አሁን በረድፍና በዓምድ ተከፍሎ ቁጥር የሚሞላበት ሁሉ ሰንጠረዥ ይባላል። እንግሊዝኛ ከንጉሡ ስም ተነሥቶ ሒሳብ ቤት እንደ ገባ፣ አማርኛም ከጨዋታው ስም ተነሥቶ እርስዎ ዕለት ዕለት ወደሚሠሩበት ገጽ ደርሷል።

ስለ አጻጻፉ ለጠየቁኝ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሰነዱ የእንግሊዝን ልማድ ከሚከተል ባንክ ጋር የሚለዋወጡት ከሆነ በ«ኪው»፣ የአሜሪካን ልማድ ከሚከተል ጋር ከሆነ በ«ሲ» እና በ«ኬ» ይጻፉት፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ግን አያቀላቅሏቸው።